ስለት፣ ዛርና ጠበል፦ ነባሩ እምነትና ክርስትና በድሬዳዋ ዙሪያ

ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ድሬዳዋ ትጨናነቃለች። ሆቴሉ ይሞላል፣ የአልጋ ዋጋ ይወደዳል። በአውሮፕላን፣ በባቡርና በአውቶቡስ የመጣው ምዕመን ከከተማዋ ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ይወጣና 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል ይደርሳል። ጃንጥላ የያዘ አለ፣ ጧፍና ዕጣን የያዘ አለ፣ በጀርባው ድንጋይ አዝሎ ዳገቱን በእግሩ የሚወጣም አለ። ሁሉም የሚሄደው ስለት ሊያገባ ወይም ሊሳል ነው።

በዚያው ከተማ የስለቱን ጃንጥላ አስቀድማ ገዝታ ያስቀመጠች እናት ከሰዓት በኋላ ቡና ስታፈላ ቄጤማ ትጎዘጉዛለች፣ ዕጣን ታጨሳለች፣ ፈንዲሻ በረከቦቱ ዙሪያ ትበትናለች፣ አቦሉን ቀድታ «የአገሩ አድባር ትጠብቀን» ብላ ትመርቃለች። ሰባኪው ቢሰማ «ባዕድ አምልኮ ነው» ሊላት ይችላል። የባህል ተመራማሪው ደግሞ «የአፍሪካ ነባር እምነት ቅሪት ነው» ብሎ ይጽፍላታል። እሷን ብትጠይቋት የምትሰጣችሁ መልስ አጭር ነው፦ ወግ ነው።

ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ይህ ጽሑፍ ክርስትና ከመምጣቱ በፊት የነበሩት እምነቶች ምን እንደሆኑ፣ ክርስትና እንዴት እንደተቀበላቸው ወይም እንደተዋጋቸው፣ ዛሬም በድሬዳዋና በአካባቢዋ በምን መልክ እንደሚታዩ በቀላሉ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ነባር እምነት ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ክርክር የሚነሣው የተለያዩ ነገሮች በአንድ ከረጢት ስለሚከተቱ ነው። ቢያንስ አራት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ዋቄፈና ነው። የኦሮሞ ነባር ሃይማኖት ሲሆን አንድ ፈጣሪ፣ ዋቃን፣ ያመልካል። ምዕመኑ በኦዳ ዛፍ ሥር ወይም በወንዝ ዳር ተሰብስቦ ሲጸልይና በኢሬቻ ለምለም ሣር ውኃ ውስጥ ሲነክር የሚያመሰግነው ፈጣሪውን ነው። ዛፉ የመሰብሰቢያና የሰላም ቦታ እንጂ አምላክ አይደለም። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በምዕራብ ሐረርጌ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም ከታወቁት የገዳ ማዕከላት አንዱ ነው። የሐረርጌ ኦሮሞ አብዛኛው ዛሬ ሙስሊም ቢሆንም የዋቃ ስም በምርቃቱና በጸሎቱ ውስጥ አልጠፋም።

ሁለተኛው የቦታና የቤት ጠባቂ መንፈስ ነው፤ አድባር፣ ቆሌ፣ ውቃቢ የሚባለው። ሰፈሩ አድባር አለው፣ ሰውም ውቃቢ አለው። ቆሌም ውቃቢም ሲርቅ ሰው ግርማ ሞገሱን ያጣል ተብሎ ይታመናል። ጾም የማያጎድል ኦርቶዶክስ እንኳ ሲደነግጥ «ቆሌዬ ተገፈፈ» ይላል።

ሦስተኛው ዛር ነው። ዛር ሰው ላይ ሰፍሮ የሚያሳምም፣ ግብር የሚጠይቅ፣ ግብሩ ሲደርሰው ደግሞ የሚታረቅ መንፈስ ነው።

አራተኛው ጥንቆላና የቡዳ ፍርሃት ነው። ዕድል መናገር፣ መተት ማሠራትና «በዓይኑ ይበላል» ብሎ ሰውን መፍራት እዚህ ይመደባሉ። ይህኛው ከአምልኮ ይልቅ ወደ ፍርሃት ያደላል።

የድሬዳዋ ልዩነት እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰፈር መገናኘታቸው ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የጅቡቲው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ የመኑ፣ ግሪኩና አርመኑ በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች ተሰብስቧል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከአስተዳደሩ ነዋሪ ከአስሩ ሰባቱ ሙስሊም፣ ከአራቱ አንዱ ገደማ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ የአንዱ ጎረቤት ወግ ለሌላው እንግዳ ሆኖ አያውቅም።

ክርስትና ነባሩን እምነት እንዴት ተቀበለው?

በአብዛኛው አፍሪካ ክርስትና የተስፋፋው በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ ሚሲዮናውያንና ከቅኝ አገዛዝ ጋር ነው። እኛ ዘንድ ታሪኩ ሌላ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና በክርስትና ሲያምን ከላይ ያስገደደው ባዕድ ገዢ አልነበረም። የቀደሙት የድንጋይ ጽሑፎቹ መሕረምን አባቱ አድርገው ይጠሩ ነበር፤ አስታርን፣ ብሔርንና ምድርንም ያወሱ ነበር። የኋላኛው ጽሑፍ ግን የሰማይን ጌታ ያመሰግናል። በሳንቲሞቹ ላይ የነበሩት ጨረቃና ክብ ምልክትም ቦታቸውን ለመስቀል ለቀዋል።

ንጉሥ አመነ ማለት ሕዝብ ሁሉ በአንድ ጀምበር ተለወጠ ማለት አይደለም። ከሺህ ዓመት በኋላ እንኳ ትግሉ አላለቀም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደስክ ለተባለ መንፈስ የሚሰግዱትንና ጠንቋይ የሚያማክሩትን በሞት እስከ መቅጣት ደርሰዋል። ተገዢው ሁሉ የሥላሴን ስም በግንባሩ እንዲጽፍ፣ ዲያብሎስን መካዱንም በእጁ ላይ እንዲያሰፍር አዘዋል። «መጽሐፈ ብርሃን» የተባለው መጽሐፋቸው የዚህ ዘመቻ ምስክር ነው። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፦ ንጉሡ ይህን ያህል የደከሙት እምነቱ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ምናልባትም በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሕያው ስለነበር ነው።

እዚህ ላይ ቁልፍ የሆነው ነጥብ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ስለ ነባሮቹ መናፍስት «የሉም» አላለችም። «አሉ፣ ግን ርኩሳን ናቸው» አለች። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ውጤቱ ትልቅ ነው። የለም የተባለ ነገር ይረሳል፤ ጠላት ነው የተባለ ግን ስሙ በየዕለቱ ይጠራል። ጋና ውስጥ በኤዌ ሕዝብ መካከል ያጠናችው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ቢርጊት ሜየር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ሥራ ተመሳሳይ ነገር አሳይታለች፦ ሚሲዮናውያኑ የአካባቢውን አማልክት ሰይጣን ብለው ሲሰይሟቸው አማልክቱ ከክርስቲያኑ ልብ አልወጡም፣ ማዕረጋቸውን ቀይረው ቀሩ።

የእኛ የብራና ክታቦችም ይህንኑ ይናገራሉ። ደብተራው በክታቡ ባለቤት ቁመት ልክ የተቆረጠ ብራና ላይ የሚጽፈው ጸሎት ባሪያና ለጌዎን የተባሉትን መናፍስት፣ የቡዳንና የዛርንም ስም እየዘረዘረ ይገዝታል። ሕፃናትን የምትገድለውን ወርዘልያን ቅዱስ ሱስንዮስ ድል የነሣበት ታሪክ በብዙዎቹ ውስጥ ይገኛል። ጸሎቱ በግእዝ ነው፣ የሚጠራው የክርስቶስ ስም ነው፤ ፍርሃቱ ግን ከክርስትናም የቀደመ ነው። ቤተ ክርስቲያን በጉባኤ ትምህርቷ ክታብን ታወግዛለች፤ ጸሐፊው ግን በዚያው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ነው።

መዋዋሱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልሄደም። በአንዳንድ ኦሮሞዎች ዘንድ የወሊድ ጠባቂ ሆና የምትጠራው ማረም ከማርያም የመጣች መሆኗን የሚናገሩ ተመራማሪዎች አሉ። እንዲህ ከሆነ ክርስቲያን ያልሆኑ ሴቶች በምጥ ጊዜ የሚጠሯት በክርስቲያን ስም ነው።

ቁልቢ፦ ስለት ባዕድ ነው?

የቁልቢ ገብርኤል ታሪክ ከልዑል ራስ መኰንን ስም ጋር የተያያዘ ነው። እንደሚተረከው የሐረርጌው ገዢ ለዐድዋ ጦርነት ሲዘምቱ ለቅዱስ ገብርኤል ተስለው ነበር፤ ድል ተገኝቶ በሰላም ሲመለሱ ስለታቸውን በቤተ ክርስቲያን ሥራ ፈጸሙ። ራስ መኰንን ያረፉትም በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ከሐረር ተነሥተው እዚያው ቁልቢ ላይ ታመው ነው። በዓሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ይከበራል፦ ታኅሣሥ 19 መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን ከናቡከደነፆር እሳት ያዳነበት፣ ሐምሌ 19 ደግሞ ቂርቆስንና ኢየሉጣን ከፈላ ውኃ ያወጣበት ተብሎ።

በዕለቱ ቅጥር ግቢው ሲታይ ስለቱ ዓይነቱ ብዙ ነው። ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ ወርቅ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ በግና በሬ ይገባል። በስለት የተወለዱ ሕፃናት ክርስትና ይነሣሉ። በዓይነት የገባው ስለት በጨረታ ይሸጣል፤ አምና አንዱ ያገባው ጃንጥላ በጨረታ ወጥቶ ዘንድሮ በሌላው እጅ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ከተሳላሚው መካከል ሙስሊሞችም አሉ፤ ልጅ የፈለገች እናት የመልአኩን ስም ስትጠራ የሃይማኖት ወረቀት የሚጠይቃት የለም።

ስለትን ከነባሩ እምነት ጋር የሚያመሳስሉት ሰዎች የሚያነሡት መከራከሪያ የልውውጡን መልክ ነው። «ይህን ብታደርግልኝ ለከርሞ ይህን ይዤ እመጣለሁ» የሚለው ቃል ለአድባርም፣ ለዛርም፣ ለቁልቢም ይገባል። ነገር ግን መልኩ ስለተመሳሰለ ብቻ ምንጩ አንድ ነው ማለት አይቻልም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ልጅ ያጣችው ሐና በቤተ መቅደስ ተስላ ሳሙኤልን ወልዳለች፤ ስለት በብሉይ ኪዳን የታወቀ ሥርዓት ነው። የኦርቶዶክስ ሊቃውንትም ስለቱ ለእግዚአብሔር ነው፣ መልአኩ ያማልዳል ብለው ያስተምራሉ። እውነቱ ሁለቱን ይዞ ይሄዳል፦ ሥርዓቱ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ሥር አለው፤ ሕዝቡ ይህን ያህል አጥብቆ የወደደው ግን አስቀድሞ የሚያውቀውን የልመናና የውለታ መንገድ ስላገኘበት ነው።

ዛር፦ ከውል እስከ ማባረር

በነባሩ እምነትና በክርስትና መካከል ያለው ግንኙነት በጣም ግልጽ ሆኖ የሚታየው በዛር ላይ ነው። ዛር ከኢትዮጵያ አልፎ በሱዳን፣ በግብፅ፣ በጅቡቲ፣ በሶማሊያና በዐረብ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ የታወቀ ነው። ሶማሌዎች «ሳር» ይሉታል።

የዛር አፈ ታሪክ ራሱ ክርስቲያናዊ ልብስ ለብሷል። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት ይባላል። ፈጣሪ ሊጎበኛት ሲመጣ ዓይን እንዳይበላባት ብላ 15ቱን ቆንጆዎች ደበቀቻቸው። ፈጣሪም «የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ» አለ። የተገለጡት እኛ ሰዎች ነን፤ የተሰወሩት ዛሮች ሆኑ፣ ወንድሞቻችንም ናቸው። ተረቱ ዛርን ሰይጣን ከመሆን አውጥቶ ዘመድ ያደርገዋል። ከዘመድ ጋር ደግሞ መታረቅ እንጂ መለያየት የለም።

ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር-ጅቡቲ የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር ቆይቶ መልካም አየሁ የተባለች የታወቀች ባለዛርን ሥራ በዝርዝር መዝግቧል። አስተርጓሚውና ባልደረባው ኤርትራዊው ምሁር አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበር። በመዝገቡ ውስጥ የሚታየው ነገር ዛሬም ያልተቀየረ ነው፦ ክርስቲያን ዛር አለ፣ ሙስሊም ዛርም አለ፤ አንዲት ክርስቲያን ሴት ሙስሊም ዛር ሊሰፍርባት ይችላል። ሴትየዋ የዛሩ «ፈረስ» ትባላለች። ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ታማሚዋ ታጓራለች፣ ባለዛሯም «ማን ነህ? ምን ትፈልጋለህ?» ብላ ትጠይቃለች። ዛሩ ስሙን ይናገራል፣ ግብሩንም ይጠራል፦ እንዲህ ያለ መልክ ያለው ዶሮ፣ ሽቶ፣ ጨሌ፣ ቀለበት።

አሁን ወደ ጠበል ቦታ እንሂድ። ካህኑ በመስቀል ይዳስሳል፣ ጠበል ይረጫል፣ ታማሚዋ ትጮኻለች። ካህኑም ይጠይቃል፦ «ማን ነህ? በምን ያዝካት?» መንፈሱ ስሙን ይናገራል፣ የገባበትን ቀንና ምክንያት ይዘረዝራል፣ በመጨረሻም «ለቀቅሁ» ይላል። የጴንጤቆስጤው ጸሎት ቤትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ መስቀልና ጠበሉ ቀርቶ «በኢየሱስ ስም ውጣ» የሚል ትእዛዝ ይተካል።

ሦስቱም ቦታ የበሽታው ስም አንድ ነው፤ የሚለየው መፍትሔው ነው። ባለዛሯ ከመንፈሱ ጋር ውል ትገባለች፣ ታማሚዋም በየዓመቱ እየገበረች አብራው ትኖራለች። ካህኑና ፓስተሩ ግን ከጠላት ጋር ውል የለም ብለው ያባርሩታል። የሃይማኖት መሪዎች ዛርን አጥብቀው የሚቃወሙት ለዚህ ነው፤ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ሟርተኛና መናፍስት ጠሪ እንዳይገኝ ይከለክላል። ሕዝቡ ግን ሲጨንቀው ሁሉንም በር ያንኳኳል። ጠዋት ጠበል፣ ከሰዓት ባለውቃቢ፣ በማግሥቱ ሐኪም ቤት መሄዱን አያፍርበትም።

በሶማሌዎች መካከል ያጠናው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዮአን ሌዊስ ደግሞ የዛርን ነገር ከሌላ ማዕዘን አይቶታል። በእሱ አስተያየት በቤቷ ሰሚ ያጣች ሴት መብቷን በራሷ አንደበት ብትጠይቅ ቁጣ ይደርስባታል፤ ዛሩ በአንደበቷ ሲጠይቅ ግን ባልየው ልብሱንና ሽቶውን ይገዛል። ይህ ማብራሪያ ሁሉንም አይገልጽም። ቢሆንም የዛር ታማሚ አብዛኛው ሴት የሆነችበትን ምክንያት በከፊል ያሳያል።

በቀሪው አፍሪካ

ኬንያዊው የሥነ መለኮት ሊቅ ጆን ምቢቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው የታወቀ መጽሐፍ አፍሪካውያን ሚሲዮናውያን ከመምጣታቸው በፊት ፈጣሪን ያውቁ እንደነበር ተከራክሯል። ኮንጎ ውስጥ ሲሞን ኪምባንጉ እ.ኤ.አ. በ1921 በጸሎት ሕሙማንን በመፈወስ የጀመረው እንቅስቃሴ ትልቅ አፍሪካዊ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ኪምባንጉ ራሱ ግን ቤልጂጎች አስረውት በእስር ቤት ሞተ። በእነዚያ አገሮች ጥያቄው «የነጭን ሃይማኖት እንዴት የራሳችን እናድርገው?» የሚል ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ክርስትና ራሱ ነባር ስለሆነ ጥያቄው ይገለበጣል፦ የትኛው ነባር ነገር የክርስትና ነው፣ የትኛው ከክርስትና በፊት የነበረ? ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ጎን ለጎን ከኖሩ በኋላ ሁለቱን በቢላዋ መለየት አይቻልም።

ታዲያ እንዴት እንመዝነው?

ሁለት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንዱ ሁሉን «ባዕድ አምልኮ» ብሎ መጣል ነው። እንዲህ የሚል ሰው ቄጤማ የጎዘጎዘችን እናት ከመተተኛ እኩል ይከሳታል፤ ፈጣሪን የሚያመሰግንን የዋቄፈና ተከታይም «ዛፍ አምላኪ» ይለዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ለሁሉም አረጋግጧል፤ ዋቄፈናም ከዚህ ውጭ አይደለም። ሌላው ስሕተት ሁሉን «ባህላችን ነው» ብሎ ማለፍ ነው። በዚህ ሽፋን የሰው ንብረት የሚበላ ጠንቋይም፣ ጎረቤቱን በቡዳነት የሚያማ ሰውም ይከበራል።

ሁለት ጥያቄ ይበቃል። የመጀመሪያው «ለማን ነው?» የሚል ነው። ይህ የአማኙና የሃይማኖቱ ጉዳይ ነው፤ ኦርቶዶክሱ ካህኑን፣ ጴንጤው ፓስተሩን፣ ሙስሊሙ ሼኹን ይጠይቅ። ሁለተኛው «ማን ይጎዳል?» የሚል ነው፤ ይህ የሁላችንም ጉዳይ ነው። የቡና ምርቃት የሚጎዳው የለም። የቡዳ ሐሜት ግን ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ለዘመናት ከማኅበር አግልሏል፣ ከጋብቻ ከልክሏል። ይህ በየትኛውም ሃይማኖት ስም የሚደገፍ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ሕመምን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚጥል በሽታ በመድኃኒት የሚቆጣጠሩት የአንጎል ሕመም ነው። ድባቴም ሆነ ሌላ የአእምሮ ሕመም ሕክምና አለው። ጠበል መጠመቅና ክኒን መዋጥ አይጣሉም፤ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ከጠበሉ ጋር መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ስለዚህ ቤተሰብዎ ውስጥ የሚወድቅ ወይም የሚጮህ ሰው ካለ ወደ ፈለጉት ጸሎት ቤት ይውሰዱት፤ በሰንሰለት አይሰሩት፣ በዱላ አይምቱት፣ የጀመረውን መድኃኒት አያስቋርጡት፣ ሐኪም ቤት ሳያደርሱትም አይቅሩ።